የመሐመድ ዐሊ ምላስና የጆ ፍሬዘር ቁስል



ሰሞኑን ከተራዊሕ ሶላት በኋላ፣ እዚሁ ሞጆ ከመስጂድ ወጥተን ወደ ቤት ስናመራ፣ ሁለት ታዳጊዎች ግንባር ለግንባር ገጥመው ሲሰዳደቡ አየን። ጠብ መስሎን ልንገላግል ቀረብን። ለካስ በስልክ ያዩትን የቦክሰኞች መፋጠጥ እየተጫወቱ ኖሯል። አንደኛው መሐመድ ዐሊን መሆኑን በኩራት ነገረን። የሚወደውን ሰው ታሪክ ግን እኩሌታውን ብቻ ነበር የሚያውቀው። ቀሪውን ለእርሱና ለወላጆቹ ብለን እዚህ ጻፍነው። ወሩም ይገጥማል፤ መሐመድ ዐሊ እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2016 ሞቶ የጀናዛ ሶላቱ በተወለደባት ከተማ የተሰገደው ረመዳን በገባ በ4ኛው ቀን ነበር። አላህ ይዘንለት። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።)

በ1942 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ሉዊቪል ከተማ ሲወለድ ስሙ ካሲየስ ክሌይ ነበር። አባቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ቀቢ፣ እናቱ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ነበሩ። 12 ዓመት ሲሆነው ብስክሌቱ ተሰረቀ። ሌባውን እደበድባለሁ እያለ ሲዝት የሰማው ፖሊስ የቦክስ አሰልጣኝም ነበርና፣ በቅድሚያ መማታት እንዲማር መከረው። ዛቻው ከቡጢው የቀደመበት ሕይወት እንዲህ ተጀመረ። በ1960 የሮም ኦሎምፒክ፣ የኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ባሸነፈበት በዚያው ውድድር፣ እርሱም በቦክስ ወርቅ አገኘ። አውሮፕላን ግን በጣም ይፈራ ስለነበር ወደ ሮም መብረሩ ራሱ ጭንቅ ሆኖበት ነበር። ሌላውን የሚያስፈራራ ሰው ፍርሃት የማያውቅ እንዳይመስላችሁ ብለን ነው ይህን ያነሳነው።

የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ ሶኒ ሊስተን እስር ቤት ያየ፣ ፍሎይድ ፓተርሰንን ሁለት ጊዜ በመጀመሪያው ዙር የዘረረ ሰው ነበር። በዓይኑ ብቻ ተጋጣሚውን ያርድ ነበር፤ ይበልጥ ግዙፍ መስሎ ለመታየት ከካባው ሥር ፎጣ ይጠቀጥቅ እንደነበርም ይነገራል። ወጣቱ ክሌይ ይህን ሰው በሌሊት አውቶቡስ እየነዳ ደጁ ድረስ ሄዶ ጮኸበት። በፍልሚያው ዕለት ጠዋት፣ በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1964 ማያሚ ቢች ላይ ሲመዘኑ ደግሞ እንደ እብድ እየዘለለ አካባቢውን አናወጠው። 2,500 ዶላር ተቀጣ። 54 የነበረው የልብ ምቱ 120 ደርሶ ሐኪሙ በፍርሃት የራደ ነው ብሎ ገመተ። በኋላ ሲለካ ግን ምቱ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። ሊስተን ጉልበተኛን ባይፈራም እብድን ይፈራል የሚል ሂሳብ እንደነበረው፣ ያን ምሽት ግን እርሱም እንደፈራ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ሊስተን ለ7ኛው ዙር ከወንበሩ ሳይነሳ ቀረ።

እስልምናውን በይፋ የገለጸው በማግስቱ ነው፤ ስሙም ብዙ ሳይቆይ ተለወጠ። መጀመሪያ የገባበት ማኅበር ከኢስላም መሠረት ጋር የማይገጥም ትምህርት ነበረው። በ1972 ሐጅ አደረገ፣ ከ1975 በኋላም ወደ ሱናው መንገድ መጣ። በቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ ማዕረጉን ተነጥቆ ከሦስት ዓመት በላይ ከመድረክ ታገደ። ይህ ጀግንነቱ ነው፤ ማንም አይወስድበትም።

በዚያ የእገዳ ዘመን ፈቃዱ እንዲመለስለት ከተናገሩለት፣ ገንዘብም ከሰጡት ሰዎች አንዱ ጆ ፍሬዘር ነበር። ፍሬዘር የሳውዝ ካሮላይና ድሃ ገበሬ ልጅ ነው። በ1971 በኒውዮርክ ሊጋጠሙ ሲሉ ግን ዐሊ ይህን ውለታ ረሳ። የነጮች አሽከር አለው፣ መሃይም አለው። ሕዝቡም ተቀበለው፤ የፍሬዘር ልጆች በትምህርት ቤት በአባታቸው ተሰደቡ። ያን ግጥሚያ ፍሬዘር በ15ኛው ዙር ዐሊን ጥሎ በነጥብ አሸነፈ፣ ስድቡ ግን አላበቃም። በ1975 ማኒላ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገናኙ ዐሊ የላስቲክ ጎሪላ በኪሱ ይዞ በጋዜጠኞች ፊት እየደበደበ አሳቃቸው። ጥቁር ሰው ጥቁር ወንድሙን በዚህ ስም ሲጠራ!

አባቶቻችን ፉከራ ያውቃሉ። ፎካሪ ራሱን ያገንናል፣ ጠላቱንም ያስበረግጋል። በሊስተን ላይ የተደረገውን ከዚያው እንቆጥረዋለን፤ እንዲያውም ብልሃቱን አድንቀናል። በፍሬዘር ላይ የተደረገው ግን ሱረቱል ሑጁራት በ11ኛው አንቀጽ የከለከለው መሳለቅና በመጥፎ ቅጽል ስም መጥራት ነው። (ፊትን መምታት በሐዲስ የተከለከለ ስለሆነ ልጆቻችንን ወደ ቦክስ እንደማንልክ ሳንናገር አናልፍም።)

የማኒላው ፍልሚያ ከ14 ዙር በኋላ በዐሊ አሸናፊነት ቆመ። ወዲያው ዐሊ የፍሬዘርን ልጅ ጠርቶ፣ የተናገረውን ከልቡ እንዳልነበረ ለአባቱ እንዲነግርለት ለመነው። ፍሬዘር ይህን ሲሰማ ለምን ለእኔ ለራሴ አልነገረኝም ባይ ሆነ። ዐሊ በ2001 በጋዜጣ ይቅርታ ሲጠይቅም መልሱ ያው ነበር፣ ፊት ለፊት ይሁን የሚል። ፍሬዘርን ቂመኛ ያሉት ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን በፊቅህ ትምህርታችን የተማርነው ፍሬዘር የጠየቀውን ነው። አንድ ሰው በአላህ ሐቅ ላይ ቢያጠፋ በርሱና በጌታው መካከል ይጨርሳል፤ በሰው ሐቅ ላይ ካጠፋ ግን የተውበቱ አንዱ ሸርጥ ባለሐቁ ዘንድ ሄዶ ይቅር መባል ነው። በልጅ በኩል የተላከ ቃልም ሆነ ጋዜጣ ላይ የወጣ ቃል ይህን አይተካም። የሞጆ ልጆች በየመንገዱ ለሚሰዳደቡት ስድብም ሕጉ ይኸው ነው።

ዐሊ በ1984 የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ተነገረው። እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ያ ዓለምን ያናወጠ ድምፅም እየሰለለ ሄዶ ሹክሹክታ ሆነ። ይህን ቅጣት ነው የሚሉ አሉ። እኛ አንልም፤ በሽታ ለሙእሚን ወንጀል ማስማሪያ ነው። ደግሞም በሕመሙ ላይ ሆኖ በ1990 ባግዳድ ድረስ ሄዶ የታገቱ 15 አሜሪካውያንን አስፈትቷል።

ፍሬዘር በኖቬምበር 2011 በጉበት ካንሰር ሞተ። ለቀብር ሥነ ሥርዓቱ ዐሊ ታሞ፣ ከስቶ ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። መናገር አይችልም ነበር። በመሃል ቄስ ጄሲ ጃክሰን ሰዉ ተነስቶ ለሟቹ ያለውን ፍቅር እንዲያሳይ ሲጠይቁ፣ ዐሊም ከሰዉ ጋር ተነሳና በሚንቀጠቀጡት እጆቹ አጨበጨበ።