ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ

በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጦርነት ከወላጆቹ የጠፋውን ሕፃን የእንግሊዝ መኮንኖች ወስደው በሕንድ አገር አሳደጉት፤ በዚያም ቻርልስ ማርቲን ተብሎ ሕክምና ተማረ። ጎልምሶ አዲስ አበባ ሲመጣ ግን ሴት አያቱ በገላው ጠባሳ ለይተው ስሙ ወርቅነህ መሆኑን ነገሩት።

ከባርነት ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት ያቋቋሙት እንግዲህ እኒህ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ የራሳቸው ልጅነት ሳይታወሳቸው የቀረ አይመስለኝም።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን፣ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1916 ዓ.ም. ስለ ባሮች ነጻነት አዋጅ አወጡ፤ አዋጁ ግን ነጻነትን ቀስ በቀስ የሚሰጥ ነበርና ብዙዎች በባርነት ቆዩ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን ሲወር ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ፤ ሐኪም ወርቅነህም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ከድል በኋላ፣ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. ነው። ሐኪሙ ይህን ለማየት በቁ፤ ያረፉት በ1945 ዓ.ም. ነው።