ሃሩን ታዚዬፍ፥ የእሳት ተራራ መርማሪ

በእንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ እንደ ሆነ በተማርሁ ጊዜ፥ እሳቱ ወደፊት በየት በኩል ይወጣ ይሆን ብዬ አሰብሁ። የሃሩን ታዚዬፍን ታሪክ ያነበብሁት ስለዚህ ነው።

ታዚዬፍ በ1914 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በዋርሶ ተወለዱ። አባታቸው በጦርነት ስለ ሞቱ ያደጉት በቤልጅግ ነው። በ1948 በኮንጎ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ካዩ ወዲህ ዕድሜያቸውን ለዚሁ ሥራ ሰጡ። ከ1967 ጀምሮም ከባልንጀሮቻቸው ጋር ወደ አፋር መጥተው ኤርታ አሌን መረመሩ።

በ1976 በጓድሉፕ ደሴት ላ ሱፍሪዬር የተባለው ተራራ ሲያጨስ፥ ከ70,000 የሚበልጥ ሕዝብ ቤቱን ለቆ ወጣ። ታዚዬፍ ግን በአመዱ ውስጥ አዲስ የቀለጠ ድንጋይ ስላላገኙ ትልቅ ፍንዳታ እንደማይመጣ ተናገሩ። ከሹመታቸው ተሻሩ፤ ፍንዳታውም ሳይመጣ ቀረ። ይሁን እንጂ ሕዝቡን ያስወጡትን እኔ አልነቅፍም፤ ቢሳሳቱ የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነበርና።

ታዚዬፍ በ1998 ሞቱ። እሳተ ገሞራ በበዛበት ምድር እሳቱ ዘወትር በቀድሞው አፍ አይወጣም። ስለዚህ የምድሩን መንቀጥቀጥ፥ ማበጥና የሚተነፍሰውን ጋዝ ነቅቶ መለካት ያሻል። በ2025 በአፋር ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ እንዳየነው፥ ይህ ሥራ ለአገራችን ያስፈልጋታል። ከእኛም መካከል የሚማረው ይገኝ።