በኪስ የሚገባውን ሽጉጥ ለዓለም የሰጠው ሰው

በእኛ የገጠር ቀዬ ያደገ ሰው ቤልጅግ የሚለውን የጠመንጃ ስም ሳይሰማ አላደገም። ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የወረደ፣ በደስታም በሐዘንም ቀን ከትከሻ የማይወርድ ጠመንጃ ነው። ስሙን ያገኘው ከተሠራበት ከቤልጂየም ነው። በሊዬዥ ከተማ አጠገብ ኤርስታል በተባለች ስፍራ የቆመው ኤፍ ኤን የተሰኘው ፋብሪካ ከጣልያን ወረራ በፊት ለኢትዮጵያ ጠመንጃ ከሸጡት አንዱ ነበር። በዚሁ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 26 ቀን 1926 አንድ አሜሪካዊ አዛውንት አዲስ ሽጉጥ እየነደፈ ሳለ ልቡ ቆመ። በልጁ ቢሮ ውስጥ ነበር፤ 71 ዓመቱ ነበር። ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብራውኒንግ የተወለደው ጃንዋሪ 23 ቀን 1855 በምዕራብ አሜሪካ፣ በዩታ ግዛት በምትገኘው ኦግደን ከተማ ነው። ኦግደን በዚያን ጊዜ በተራራና በበረሃ መካከል የተቆረቆረች ትንሽ የሰፋሪዎች መንደር ነበረች። አባቱ ጆናታን ብራውኒንግ ጠመንጃ ሠሪ ነበር። የሞርሞን እምነት ተከታይ እንደ መሆኑ ከእምነት ወገኖቹ ጋር ከኢሊኖይ ተነሥቶ፣ በአይዋ ዓመታት ቆይቶ፣ በ1852 ወደ ዩታ የተሰደደ ሰው ነው። ሦስት ሚስቶችና 22 ልጆች ነበሩት። በመንደሩ የተሰበረ ማረሻም ሆነ የታመመ ጠመንጃ የሚጠገነው በእሱ ወርክሾፕ ነበር።

ሕፃኑ ጆን ፊደል የቆጠረው በትምህርት ቤት ቢሆንም ሙያ የቆጠረው ከአባቱ መዶሻ ሥር ነው። ገና 10 ዓመት ገደማ ሳለ አባቱ ከጣለው የአሮጌ ጠመንጃ አፈሙዝ፣ ከእንጨትና ከሽቦ የመጀመሪያውን ጠመንጃ ሠራ። ከታናሽ ወንድሙ ከማት ጋር ይዞት ወጥቶ ወፍ አድኖበት ተመለሰ። አባቱ ሥራውን ሲያይ በልጁ ድፍረት ከመደነቅ ይልቅ በዚያ ዕድሜ ከዚያ የተሻለ ሊሠራ ይችል እንደነበር ነገረው። ልጁ ይህን ተግሣጽ አልረሳውም።

በ1879 አባቱ አረፈ። ጆንም በዚያው ዓመት ሬቸል ቻይልድን አገባ። በኦክቶበር 7 ደግሞ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ማረጋገጫ ተቀበለ። ማረጋገጫው በየተኩሱ አንድ ጥይት ለሚጎርስ ጠመንጃ የተሰጠ ነው። ወንድማማቾቹ በኦግደን ትንሽ ፋብሪካ አቁመው ይህንኑ ጠመንጃ በእጅ መሥራት ጀመሩ። ከጠመንጃዎቹ አንዱ በአጋጣሚ የዊንቸስተር ኩባንያ ሰዎች እጅ ገባ። በ1883 የኩባንያው ኃላፊ ረጅሙን የባቡር ጉዞ አድርጎ ኦግደን ደረሰና መብቱን በ8,000 ዶላር ገዛ። የገጠር ጠመንጃ ሠሪው ሕይወት ከዚያ ቀን ወዲህ ተለወጠ።

ቀጥሎ በመጡት ዓመታት ብራውኒንግ ለዊንቸስተር 44 ያህል ንድፎችን ሸጠ። ኩባንያው የተወሰኑትን ሲያመርት ቀሪዎቹን ተፎካካሪ እንዳይወስዳቸው ሲል በመሳቢያ ቆለፈባቸው። ስማቸው እስከ ዛሬ የሚጠራው የ1886፣ የ1892 እና የ1894 ዊንቸስተር ጠመንጃዎች የእሱ እጅ ሥራዎች ናቸው።

ብራውኒንግን ከሌሎች ጠመንጃ ሠሪዎች የለየው አንድ ቀን ያስተዋለው ነገር ነው። በ1889 በተኩስ ልምምድ ላይ ሳለ ከአፈሙዙ የሚወጣው የባሩድ ትንፋሽ ከፊት ያለውን ሣር ሲያጎነብሰው አየ። ሣሩን ሁሉም ተኳሽ ያየዋል፤ እሱ ግን የሚባክን ጉልበት መሆኑን አየ። ይህ ጉልበት ጠመንጃውን ራሱን ሊያጎርሰው አይችልምን ሲል አሰበ። ከዚህ ሐሳብ የተነሣ በትንፋሽ የሚሠራ መትረየስ ሠራ። ይኸው ሐሳብ ወደ ሽጉጥም ወሰደው።

እስከዚያ ዘመን ድረስ በወገብ የሚታጠቀው አብዛኛው ሽጉጥ ስድስት ጎራሽ ተሽከርካሪ ነበር። ጥይቶቹ የሚቀመጡበት ክብ ከበሮ ወፍራም ስለሆነ በልብስ ሥር ይጎላል። ብራውኒንግ ከበሮውን አስወገደው። ጥይቶቹን በእጀታው ውስጥ በሚገባ ጠፍጣፋ ካርታ ደረደራቸው። ከአፈሙዙ በላይ ደግሞ በሞላ የሚመለስ ተንሸራታች ብረት አኖረ። ጥይት ሲተኮስ ብረቱ ወደ ኋላ ይሄድና ቀለሁን ይተፋል፤ ሞላው ሲመልሰው አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ለነዚህ ንድፎች በኤፕሪል 1897 መብት አገኘ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ማለት ይቻላል፣ ያንን ተንሸራታች ብረት ይዞ ይወጣል።

በዚያው ዓመት የኤርስታሉ ፋብሪካ ተወካይ አሜሪካ ነበር። የብራውኒንግን ትንሽ ሽጉጥ ሲያይ ናሙናውን ይዞ ወደ ቤልጂየም ተመለሰ። በ1900 ስሙን የተሸከመው 7.65 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ከፋብሪካው ወጣ። ሰባት ጥይት የሚይዝ፣ ቀጭን፣ ከኮት ሥር የማይታይ ነበር። በ1903 ኮልት ኩባንያ የኋላ መዶሻው በውስጥ የተሸሸገ የኪስ ሽጉጡን አወጣ። መዶሻው የተሸሸገበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሽጉጥ ከኪስ ሲመዘዝ በልብስ እንዳይያዝ ነው። ጥቂት ቆይቶ ከሁሉም ያነሰው ተከተለ። 6.35 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩሰው የሰደርያ ኪስ ሽጉጥ ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ክብደቱም 400 ግራም አይሞላም። በዘንባባ እጅ ውስጥ ይጠፋል።

ብራውኒንግ ለዚህ ትንሽነት የሚከፈለውን ዋጋ ያውቅ ነበር። አፈሙዝ ባጠረ ቁጥር ማለም ይከብዳል። እጀታ ባነሰ ቁጥር ጣት የሚይዘው ያጣል፤ ሽጉጡም በእጅ ውስጥ ይዘላል። በተንሸራታቹ ብረት ክብደትና በሞላው ብቻ የሚሠራ ሽጉጥ ለደካማ ጥይት እንጂ ለብርቱ ጥይት አይሆንም። ለብርቱ ጥይት አፈሙዙና ተንሸራታቹ ለቅጽበት ተቆላልፈው አብረው ወደ ኋላ መሄድ አለባቸው፤ ይህንንም የሠራው እሱ ነው። በኪስ የሚያዝ ነገር ሳይታሰብ እንዳይተኮስም በእጀታው ጀርባ ላይ እጅ አጥብቆ ካልጨበጠው ምላጩ እንዳይሠራ የሚያደርግ መከላከያ አኖረ።

ሽያጩ ከተጠበቀው በላይ ሆነ። እስከ 1914 ድረስ የኤርስታሉ ፋብሪካ ብቻውን ከአንድ ሚሊዮን በላይ የብራውኒንግ ሽጉጦችን አመረተ። በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ብራውኒንግ የሚለው ቃል የሰው ስም መሆኑ ተረስቶ የማንኛውም ሽጉጥ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። የቤልጂየም ንጉሥም የክብር ኒሻን ሸለመው።

ነገር ግን ለነጋዴውና ለተጓዡ የተመቸው ትንሽነት ለነፍሰ ገዳይም ተመቸ። በ1904 በሄልሲንኪ የሩሲያው ገዥ ቦብሪኮቭ በብራውኒንግ ሽጉጥ ተገደለ። በ1909 በሐርቢን የባቡር ጣቢያ የጃፓኑ ኢቶ ሂሮቡሚ በብራውኒንግ ወደቀ። ጁን 28 ቀን 1914 በሳራዬቮ የኦስትሪያውን አልጋ ወራሽና ባለቤቱን የገደለው ወጣትም በእጁ የያዘው ከኤርስታል የወጣ የብራውኒንግ ንድፍ ነበር። ከዚያ ተኩስ በኋላ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተቀጣጠለ፤ ቤልጂየምም በጀርመን ጦር ሥር ወደቀች።

በአሜሪካም መንግሥታት ፊታቸውን አጠቆሩ። በ1911 የሆነው ነገር ይህን ሁለት ገጽታ በግልጽ ያሳያል። በማርች 29 የአሜሪካ ጦር የብራውኒንግን ትልቁን ሽጉጥ መደበኛ መሣሪያው አድርጎ ተቀበለ። ሽጉጡ 6,000 ጥይት ያለ አንዳች እንቅፋት ተኩሶ ፈተናውን አልፎ ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት 31 ደግሞ በኒውዮርክ ግዛት የሱሊቫን ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። በዓመቱ መጀመሪያ አንድ የታወቀ ደራሲ በከተማው መንገድ ላይ በሽጉጥ ተገድሎ ሕዝቡ ተቆጥቶ ነበር። ሕጉ በልብስ ሥር ሊደበቅ የሚችል መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ከለከለ፤ ያለ ፈቃድ ታጥቆ መውጣትንም ከባድ ወንጀል አደረገው። ረጅሙን ጠመንጃ አልነካም። የተፈራው ጉልበት ሳይሆን አለመታየት ነበር።

በ1913 በወጣ ማሻሻያ ደግሞ ሽጉጥ ታጥቆ ለመውጣት የሚያመለክት ሰው በቂ ምክንያት እንዲያቀርብ ተጠየቀ። ነጋዴ ገንዘብ ይዞ እንደሚመላለስ፣ ዛቻ የደረሰበት ሰው ዛቻውን ማስረዳት ነበረበት። ይህ ሥርዓት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ጁን 23 ቀን 2022 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሻረ። ፈቃድ ማውጣት ግን አልቀረም። ግዛቱ ዛሬም 16 ሰዓት የክፍል ትምህርትና 2 ሰዓት የተኩስ ሥልጠና ይጠይቃል።

እንዲህ ባሉ ግዛቶች ትንሽ ሽጉጥ የሚመርጥ ሰው ከሽጉጡ በፊት ሕጉን ያነባል። ካሊፎርኒያና ማሳቹሴትስ ሊሸጡ የሚፈቀዱትን ሽጉጦች በዝርዝር ያወጣሉ፤ በሱቅ ከዝርዝሩ ውጭ አዲስ ሽጉጥ መግዛት ለተራው ሰው ዝግ ነው። ኒውዮርክ፣ ካሊፎርኒያና ኒውጀርሲ ካርታው ከ10 ጥይት እንዳያልፍ ይገድባሉ። በዚህ ምክንያት ብዙ ጥይት ለመያዝ ተብሎ የወፈረ እጀታ ትርጉሙን ያጣል፤ ገዢው ወደ ቀጭኑ ያዘነብላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ብራውኒንግ ከመቶ ዓመት በፊት በጠረጴዛው ላይ የመዘነው ሚዛን ነው። ለመሸሸግ የሚመች ለመተኮስ አይመችም፤ ለመተኮስ የሚመች ቤት ይቀራል። ልጆች ባሉበት ቤትም ቁልፍ ያለው ሣጥን ከሽጉጡ እኩል ይታሰባል።

ብራውኒንግ በገንዘብ ረገድም የራሱ ትግል ነበረው። በ1902 ለአዲሱ ራሱን የሚያጎርስ የአደን ጠመንጃው ዊንቸስተርን ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ እንዲከፍለው ጠየቀ። ኩባንያው እንደ ቀድሞው መብቱን አንድ ጊዜ ገዝቶ መጨረስ ፈለገ። ብራውኒንግ ጠመንጃውን ይዞ ወጣ፤ የ19 ዓመት ትስስርም በዚያው አበቃ። ወደ ሬሚንግተን ሲሄድ ሊያነጋግረው የነበረው የኩባንያው ፕሬዚዳንት በዚያው ቀን በልብ ሕመም ሞተ። እሱም በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ቤልጂየም ሄደ፤ ኤርስታልም ጠመንጃውን ተቀበለው።

በጦርነቱ ጊዜ ግን ከአገሩ ጋር አልተከራከረም። በ1917 የሠራው መትረየስ በመንግሥት ፈተና 20,000 ጥይት ያለ ብልሽት ተኮሰ፤ ሁለተኛው ናሙናም ለ48 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ሳያቋርጥ ተኮሰ። መንግሥት ለመሣሪያዎቹ መብት 750,000 ዶላር አቀረበለት። ገንዘቡ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይሆን ከነበረው ድርሻ እጅግ ያነሰ ቢሆንም ሳያቅማማ ተቀበለ።

በመጨረሻ ዘመኑ የያዘው ሥራ የፈረንሳይ ጦር ለጠየቀው አዲስ ሽጉጥ የነደፈው ንድፍ ነበር። በኤርስታል ቢሮ ልቡ ሲቆም ሥራው አላለቀም። ቤልጂየማዊው ዲዮዶኔ ሴቭ ከእጁ ተቀብሎ በ1935 ፈጸመው። ሽጉጡ በአንድ ካርታ 13 ጥይት ይይዛል። ከላይ በተጠቀሱት ግዛቶች የ10 ጥይት ገደብ ሲመዘን የመጨረሻ ሥራው በመጀመሪያ መልኩ ለሽያጭ አይቀርብም ማለት ነው። በአንጻሩ ካርታው ሲወጣ ምላጩ እንዳይሠራ የሚያደርገው የዚያ ሽጉጥ መከላከያ፣ ካሊፎርኒያ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሕጓ ያስገባችው ዓይነት ነው።

አስከሬኑ ውቅያኖስ ተሻግሮ በተወለደባት ኦግደን ተቀበረ። በስሙ 128 የፈጠራ መብቶች ተመዝግበዋል። ከሁሉም ትንሹ፣ በሰደርያ ኪስ የሚገባው፣ ሕግ አውጪዎችን ከሁሉም በላይ ያሳሰበው ሆነ። ማን ይታጠቀው፣ የትና በምን ምክንያት የሚለውን ጥያቄ ብራውኒንግ በወርክሾፑ አልመለሰውም፤ ለሕግና ለባለቤቱ ኅሊና ተወው። ጥያቄው ዛሬም ከዚያው አልተነሣም።