ዐፄ ቴዎድሮስና የወገባቸው ሽጉጥ

በጎጃም ምድር፣ በሊበን፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር፣ መሣሪያ የቱን ያህል የሚወደድ ነገር እንደሆነ የማያውቅ የለም። ጠመንጃ በትከሻ ይነገታል፤ ለገበያም ለሠርግም ለለቅሶም ይዞት የሚወጣው ሰው ይከበርበታል። ጠመንጃ በግልጽ የሚያዝ ስለሆነ ወዳጅም ጠላትም ያየዋል፤ አይቶም ይጠነቀቃል። የሽጉጥ ጠባይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ስሙ ራሱ ምስጢሩን ይናገራል፤ ሸጎጠ ከሚለው ግሥ የወጣ ነውና። ከጋቢ ሥር፣ ከቀበቶ ውስጥ ተሸጉጦ ይውላል፤ ከትራስ ሥር ተሸጉጦ ያድራል። ጠመንጃ ከወንዝ ማዶ ለሚመጣ ጠላት ነው፤ ሽጉጥ ግን እጁን ቢዘረጋ ለሚደርስብን ሰው ነው። ስለዚህ ሽጉጥ የሚታጠቅ ሰው ከሩቁ ይልቅ የቅርቡን ይጠረጥራል ብንል ከእውነት አንርቅም።

ራሴን ልጠብቅበት ብሎ ትንሽ ሽጉጥ የሚመኝ ሰው በየዘመኑ አይጠፋም። መንገድ ላይ ሽፍታ ያገኘኛል፣ በሌሊት ሌባ ይገባብኛል፣ ደመኛ ያደባብኛል ይላል። ፍርሃቱን ከንቱ ነው ልንለው አይገባንም። ነገር ግን ሽጉጥ ባለቤቱን እስከ ምን ድረስ ይጠብቀዋል? ለዚህ ጥያቄ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት የበለጠ መልስ የሚሰጥ ታሪክ እምብዛም አናገኝም።

ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የልጅነት ስማቸው ካሣ ኃይሉ፣ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸውን ገና በሕፃንነታቸው አጡ፤ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብም ችግር ላይ ወደቁ። ሕፃኑ ካሣ ይማሩበት የነበረው ገዳም በወራሪ ጦር ሲመታ ከሞት ያመለጡት በጭንቅ ነበር። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ንጉሥ በጎንደር በስም ብቻ ተቀምጦ መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር። በእንደዚህ ያለ ዘመን ያደገ ሰው ያለ መሣሪያ ማደርን ሞኝነት ቢቆጥረው አይፈረድበትም።

ካሣ ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ለጎጃምና ለዳሞቱ ገዥ ለደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ አድረው አገለገሉ። ፍቅሩ ግን አልጸናም። ተለያይተው ወደ ቋራ በረሓ ወርደው ሸፈቱ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1845 ዓ.ም.፣ የቀድሞው ጌታና የቀድሞው አሽከር ጉር አምባ ላይ ጦር ገጠሙ፤ ደጃዝማች ጎሹም በዚያ ውጊያ ወደቁ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ካሣ ጎጃም ውስጥ አይሻል በሚባለው ቦታ የራስ ዓሊን ጦር ድል ነሡ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። እንግዲህ ይህን ልብ እንበል፤ ንጉሡ ትናንት ጌታቸው የነበሩትን ሰው በጦር ሜዳ ጥለው ያለፉ ሰው ናቸው። ትናንት እርሳቸው ያደረጉትን ነገ ሌላው በእርሳቸው ላይ ሊያደርገው እንደሚችል ከማንም ይበልጥ ያውቁ ነበር።

መሣሪያንም እንደ እርሳቸው የተረዳው በዘመኑ አልነበረም። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ሲዋጉ ጀግንነት ብቻውን መድፍን እንደማይመልስ በደም አይተውታል። በውጭው ዓለምም የመሣሪያ ጥበብ በፍጥነት ይለወጥ የነበረው በዚሁ ጊዜ ነበር። የቀድሞው ሽጉጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተኩሶ ዝም የሚል ነበር። ባለቤቱ እንደገና ባሩድና ጥይት እስኪያጎርሰው ድረስ ጠላቱ በጎራዴ ይቀድመዋል። አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት በ1828 ዓ.ም. በአገሩ መንግሥት ያስመዘገበው ሽጉጥ ግን ጥይት የሚጎርሰው ክፍሉ እየዞረ ደጋግሞ የሚተኩስ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በየአገሩ ተሠራጨ። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ ብዙ ሰው ለመመከት የቻለ መሰለው።

ይሁን እንጂ ዐፄ ቴዎድሮስን ከሞት ያዳናቸው ሽጉጥ ሳይሆን ሰው የሆነበት ጊዜ ነበር። ጆን ቤል የሚባል እንግሊዛዊ ከአገራችን ሰው ጋር ተዋልዶ፣ ዮሐንስ ተብሎ፣ ሊቀ መኳስነት ተሹሞ በንጉሡ አጠገብ ይኖር ነበር። ሊቀ መኳስ ማለት በጦርነት ጊዜ የንጉሡን ልብስ ለብሶ የጠላትን ዓይን ወደ ራሱ የሚስብ ባለሟል ነው። የዚህ ሰው ወዳጅ የእንግሊዝ ቆንሲል ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ ባሕር ሲወርድ ጋረድ በሚባል ሽፍታ ሰዎች እጅ ወድቆ ቆሰለ። በገንዘብ ተዋጅቶ ቢመለስም በጎንደር ሞተ። ንጉሡ የወዳጃቸውን ደም ለመበቀል ዘመቱ። ውጊያው በተፋፋመ ጊዜ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ከንጉሡ ፊት ገብቶ ጋረድን ገደለ፤ እርሱም እዚያው ሞተ። በዚያ ቀን ንጉሡን የጠበቃቸው ሰው ራሱን ሰጥቶ የጠበቃቸው ወዳጅ ነበር።

የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ንጉሡ ለፕላውደን ስላደረጉት ደግነት ምስጋናዋን ለመግለጽ በ1854 ዓ.ም. በመጣው በአዲሱ ቆንሲል በካሜሮን እጅ ስጦታ ላከች። ከስጦታው ውስጥ ሽጉጥ ይገኝበታል። የንግሥቲቱ ስምና የምስጋናው ምክንያትም በላዩ ተቀርጾ ነበር። እንግዲህ በኋላ በታሪክ የታወቀው ሽጉጥ ወደ ኢትዮጵያ የገባው የወዳጅነት ምልክት ሆኖ ነው።

ወዳጅነቱ ግን አልቆየም። ንጉሡ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጽፈው ላኩ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ በመዝገብ ቤት ያለ መልስ ተቀመጠ። ንጉሡ ተናቅሁ ብለው ተቆጡ፤ በ1856 ዓ.ም. ቆንሲሉንና ሌሎችንም የውጭ አገር ሰዎች አሰሩ። በጥር 1858 ዓ.ም. የንግሥቲቱ መልእክተኛ ራሳም የመጣው ንጉሡ ዳሞት ላይ ሰፍረው ሳለ ነበር። በአክብሮት ተቀብለውት ጥቂት ወራት ሳይቆይ እርሱም ታሰረ። በእነዚያ ዓመታት ዐፄ ቴዎድሮስን በቅርብ ያዩ እንግዶች ሽጉጥ ከአጠገባቸው እንደማይለይ ጽፈዋል።

በዚህ ጊዜ ሽጉጡ መቅረቡ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሰው ርቆ ነበርና። ቁጡነታቸውን ትለዝብላቸው የነበረችው ባለቤታቸው ተዋበች ሞታለች። ዮሐንስም ፕላውደንም የሉም። ጎጃም ውስጥ ተድላ ጓሉ ሸፍተው ሊያዙ አልቻሉም፤ ሸዋም ትግሬም ላስታም ከእጃቸው ወጥቷል። ከካህናቱ ጋር በመሬት ምክንያት ተጣልተዋል። ቅጣቱ በበረታ ቁጥር የሚከዳው ሰው በዛ፤ የሚከዳው በበዛ ቁጥር ቅጣቱ በረታ። ሰባት ሺህ ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በጋፋት አሠርተው፣ መንገድ እየጠረጉ በሰው ጉልበት ወደ መቅደላ አስጎተቱት። ከሩቅ ለሚመጣ ጠላት መድፍ፣ ከቅርብ ለሚመጣ ጠላት ሽጉጥ ነበራቸው። ያጡት በሁለቱ መካከል የሚቆመውን የሚታመን ሕዝብ ነው።

ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ ከዙላ ተነሥቶ መቅደላ ሥር ሲደርስ በመንገዱ ላይ የተዋጋው ገዥ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። እንግሊዞች ከኋላው የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ይዘው ስለነበር 700 ያህል የኢትዮጵያ ሰው ወደቀ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም ከሞቱት አንዱ ነበሩ። ከእንግሊዞች የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ከዚያ ውጊያ በኋላ ንጉሡ ሽጉጣቸውን ወደ ራሳቸው እንዳዞሩና ሰዎቻቸው እጃቸውን ስለ ያዙ ጥይቱ ጆሯቸውን ጭሮ እንዳለፈ ይተረካል። እዚህም ላይ ንጉሡን ከገዛ ሽጉጣቸው ያዳናቸው የወዳጅ እጅ ነበር።

እስረኞቹን ለቀቁ፤ ለፋሲካም ከብት ወደ እንግሊዞቹ ሰፈር ላኩ። ናፒየር ግን እጅዎን ይስጡ አለ። እጅ መስጠት ለእርሳቸው ከሞት የከፋ ነበር። በፋሲካ ማግሥት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ እንግሊዞች በሩን ሰብረው ሲገቡ ከንጉሡ ጋር የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ። እነዚህንም ሕይወታቸውን እንዲያተርፉ አሰናበቷቸው። ከዚያ በኋላ እጃቸውን የሚይዝ አልነበረም። ንግሥት ቪክቶሪያ በሰጠቻቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። የንግሥቲቱ ወታደሮች ሬሳውን ሲያገኙ በሽጉጡ ላይ የንግሥታቸውን ስም አነበቡ። ከራስ ጠጉራቸው ቆርጠው የወሰዱትም ወደ አገሩ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው።

የዐፄ ቴዎድሮስ ሞት ለኢትዮጵያ ሰው የክብር ሞት ነው፤ እኛም ይህን ለመንካት አልተነሣንም። ሽጉጡ ስማቸውን ከምርኮ ጠብቆላቸዋል። ሕይወታቸውን ግን አልጠበቀላቸውም፤ መንግሥታቸውንም አልጠበቀላቸውም። ሕይወታቸውን ሁለት ጊዜ የጠበቀላቸው በአጠገባቸው የቆመ ሰው ነበር።

መሣሪያን በሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል፤ ፈቃድ ለማን እንደሚሰጥና ለማን እንደማይሰጥ በዚያ ተደንግጓል። ሕጉ ሊደነግገው የማይችለው ግን አንድ ነገር አለ። በቡሬም ሆነ በአዲስ አበባ ሽጉጥ ለመግዛት ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው ከመግዛቱ በፊት አንድ ሌሊት ቁጭ ብሎ ቢቆጥር መልካም ነው። በሌሊት ብጮኽ ማን ይደርስልኛል? የተጣላሁት ጎረቤቴ በሽማግሌ ሊታረቀኝ ይችላል ወይ? ተናድጄ ሽጉጤን ባወጣ እጄን የሚይዘኝ ማን አለ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ሰው ሽጉጡ እምብዛም አያስፈልገው ይሆናል፤ መልስ የሌለው ሰው ደግሞ ሽጉጡ ብቻውን አያድነውም።