የወለድን ጣሪያ የወሰኑት ፋዝሉል ሐቅ

በዚህ ዕትም የምናስተዋውቃችሁ የቤንጋሉን ፖለቲከኛ አቡል ቃሲም ፋዝሉል ሐቅን ነው። በአገራቸው «የቤንጋል ነብር» ይባላሉ። እኛ የመረጥናቸው ግን ስለ ብድርና ወለድ በሠሩት ሥራ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፋዝሉል ሐቅ በ1873 ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር፣ በባሪሳል አካባቢ ከሙስሊም ቤተሰብ ተወለዱ። በካልካታ ሒሳብና ሕግ ተምረው ጠበቃ ሆኑ። በመንግሥት ሥራም ከ1908 እስከ 1912 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ረዳት መዝጋቢ ነበሩ።

የዚያን ጊዜ የቤንጋል ጭሰኛ ኑሮ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አዝመራው እስኪደርስ ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል፤ ያመረተውን ሸጦ ወለዱን ይከፍላል፤ ዋናው ብድር ግን እንዳለ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እንደገና ይበደራል።

በ1924 የቤንጋል የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። በ1935 ደግሞ የካልካታ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። ቦታውን የያዙ የመጀመሪያው ሙስሊም እሳቸው ናቸው። በ1937 የጭሰኞችን ፓርቲ መርተው የቤንጋል መንግሥት መሪ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የዕዳ ሽማግሌ ቦርዶች በየገጠሩ ተስፋፉ። ቦርዱ አበዳሪና ተበዳሪን ያቀራርባል፣ ዕዳውን ተበዳሪው በሚችለው ልክ ይቀንሳል፣ በየዓመቱ የሚከፈለውንም ይወስናል። የ1940 የአበዳሪዎች ሕግ ደግሞ በወለድ ላይ ጣሪያ ጣለ፤ መያዣ ላለው ብድር በዓመት 8 በመቶ፣ ለሌለው 10 በመቶ። ወለድ በወለድ ላይ እንዳይታሰብም ከለከለ። በእሳቸው ዘመን፣ በ1939፣ በካልካታ በተለይ ሙስሊም ልጃገረዶችን ያሰበ የሴቶች ኮሌጅም ተከፍቷል።

ሥራቸው ግን ጉድለት ነበረው። አበዳሪዎች ወለዱ ሲቀንስባቸው ገንዘባቸውን ሰበሰቡ፤ ድሃው ገበሬ የሚበደርበት ሌላ በር በበቂ አልተከፈተለትም። ፋዝሉል ሐቅ በመጋቢት 1943 ሥልጣን ለቀቁ። በዚያው ዓመት ቤንጋልን ታላቅ ረሃብ መታት፤ ብዙ ገበሬም መሬቱን ሸጠ።

ከሕንድ ክፍፍል በኋላ በ1954 የምሥራቅ ቤንጋል መሪ ቢሆኑም ሁለት ወር ሳይሞላ ከሥልጣን ተነሡ። በኋላ የፓኪስታን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ቀጥሎም የምሥራቅ ፓኪስታን ገዥ ሆኑ። በ1962 በዳካ አረፉ።

ከሕይወታቸው ለማኅበራችን የምንወስደው ይህን ነው፦ ሕግ የወለድን ጣሪያ ይወስናል፣ ገንዘብ ግን እጅ ላይ አያኖርም። ልጅ ታሞ ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶ የጨነቃት እናት አራጣ አበዳሪው ዘንድ የማትሄደው፣ የምትበደርበት ሌላ ቦታ ሲኖራት ነው። ያ ቦታ በየወሩ የምናስገባው ቁጠባና ደጋፊዎቻችን የሚጨምሩበት የብድር ሣጥናችን ነው። ስለዚህ ቁጠባችንን በቀኑ እናስገባ፣ የተበደርነውንም በጊዜው እንመልስ፤ ቀጣይዋ እህታችን እየጠበቀች ነውና።