የማሪ ኩሪ ስድስት መቶ ሩብል

በውጭ አገር ትምህርቱን ለመቀጠል የሚሻ ሰው፣ ዕውቀቴ ይበቃል ወይ ከማለቱ አስቀድሞ ወጪዬን ማን ይችልልኛል በሚለው ጥያቄ ይያዛል። ስለ ማሪ ኩሪ ሕይወት በሚጻፈው ሁሉ ራዲየምና ሁለቱ የኖቤል ሽልማቶች በሰፊው ሲወሱ፣ ይህ የገንዘብ ጉዳይ በአንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ለማኅበራችን አባላት ግን ይበልጥ የሚቀርበው ይኸው የሚታለፈው ክፍል ስለ መሰለኝ፣ በዚሁ ላይ ማተኮርን መርጫለሁ።

ማሪያ ስክሎዶቭስካ በ1867 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በዋርሶ ተወለደች። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ዛር አገዛዝ ሥር ነበረች። አባቷ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ሲሆኑ፣ ከሥራ ደረጃቸው ዝቅ ከመደረጋቸውም በላይ የነበራቸውን ጥቂት ጥሪት ባልተሳካ ንግድ ላይ አውለው ከስረዋል። እናቷም በ1878 በሳንባ ነቀርሳ ሞተዋል። ማሪያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በ1883 በወርቅ ሜዳይ ብትፈጽምም፣ የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን አይቀበልም ነበርና ያላት አማራጭ ወደ ውጭ መሄድ ብቻ ሆነ፤ ለዚህ ደግሞ ገንዘብ አልነበረም።

ታላቅ እኅቷ ብሮኒያ ሐኪም ለመሆን ትመኝ ነበርና ሁለቱ ተማከሩ። ብሮኒያ ቀድማ ወደ ፓሪስ እንድትሄድ፣ ማሪያ በቤት አስተማሪነት ተቀጥራ ከደመወዟ እንድትልክላት፣ ብሮኒያ ሥራ ስትይዝ ደግሞ በተራዋ ታናሽዋን እንድታስተምር ተስማሙ። ያለ ዳኛና ያለ ዋስ የተጣለ የሁለት ሰው ዕቁብ ማለት ይቻላል። በዚህም መሠረት ማሪያ በ1886 ሽቹኪ በምትባል የገጠር መንደር በዓመት 500 ሩብል ተቀጠረች። የቤቱ የበኩር ልጅ ሊያገባት ፈልጎ ወላጆቹ ደመወዝተኛ አስተማሪ ለልጃችን አትመጥንም በማለታቸው ነገሩ ፈረሰ። ኀፍረቱን ውጣ በዚያው ቤት መሥራቷን ቀጠለች፤ ትታ ብትሄድ የብሮኒያ ትምህርት መቋረጡ ነውና። ሌሊት ሌሊት ግን የፊዚክስና የሒሳብ መጻሕፍትን ለብቻዋ ታጠና ነበር።

ተራዋ የደረሰው በ1891 ነው። በዚያ ዓመት መገባደጃ፣ ዕድሜዋ ሃያ አራት ሊሞላ ሲል፣ በጀርመን በኩል መቀመጫ በሌለው አራተኛ ማዕረግ ፉርጎ የራሷን በርጩማ ይዛ ተጉዛ በፓሪስ ሶርቦን ተመዘገበች። መጀመሪያ ከእኅቷ ዘንድ ተቀመጠች፤ በኋላም ለዩኒቨርሲቲው ቅርብ በሆነ ሰፈር፣ ከጣሪያ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ተከራየች። የወር መተዳደሪያዋ 40 ሩብል ያህል ሲሆን፣ ኪራዩ፣ ምግቡ፣ መጻሕፍቱና የማገዶ ከሰሉ ሁሉ ከዚያው ይወጣ ነበር። በ1893 የፊዚክስ ፈተናዋን በአንደኛነት አለፈች። ይሁን እንጂ ገንዘቧ አልቆ ነበርና፣ ለሒሳብ ዲግሪዋ ወደ ፓሪስ መመለሷ አጠራጣሪ ሆነ።

በዚህ ጊዜ አንዲት የዋርሶ ወዳጇ ደጅ ጠንታ፣ በውጭ አገር ለሚማሩ ብልህ የፖላንድ ተማሪዎች የሚሰጠውን የአሌክሳንድሮቪች ስኮላርሺፕ አስገኘችላት። ገንዘቡ 600 ሩብል ነበር። በወር 40 ሩብል ቢታሰብ የአሥራ አምስት ወር ቀለብ ነው። ማሪያ በዚሁ ገንዘብ ተረድታ የሒሳብ ዲግሪዋን በ1894 በሁለተኛነት አገኘች።

በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ኢንዱስትሪ ማበረታቻ ማኅበር የልዩ ልዩ አረብ ብረቶችን መግነጢሳዊ ጠባይ እንድታጠና በክፍያ ሥራ ሰጣት። ይህ ጥናት እኛን መሐንዲሶችን በቀጥታ የሚመለከት ቢሆንም ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ ቱንግስተንና ሞሊብደነም ያለባቸው አረብ ብረቶች ለቋሚ ማግኔት ተስማሚ መሆናቸውን በልኬት ያሳየ ሥራ ነው። ከፒየር ኩሪ ጋር የተዋወቀችውም ለዚሁ ጥናት የሚሆን የላቦራቶሪ ስፍራ ስትፈልግ ነበር፤ በ1895 ተጋቡ። ከአረብ ብረቱ ሥራ ካገኘችው ክፍያም 600 ሩብል አጠራቅማ ለአሌክሳንድሮቪች መርጃ መለሰች። የመርጃው ጸሐፊ እጅግ ተደነቁ፤ ገንዘቡ በስጦታ የተሰጠ እንጂ የሚመለስ አልነበረምና። እርሷ ግን እንደ ክብር ብድር ቈጥራው ነበር፤ ገንዘቡ በእጇ በቈየ መጠን ሌላ ችግረኛ ተማሪ ተራውን እንደሚያጣ ታስብ ነበር። ከመካከላችን የአገልግሎት ግዴታ ውል ፈርሞ የሄደና ውሉን በቅሬታ የሚያስታውስ ሰው፣ ማንም ያላስፈረማትን ይህችን ተማሪ ልብ ይሏል።

የዶክትሬቱ ጥናት ራሱ፣ የሚገርመው፣ ስኮላርሺፕ አልነበረውም። በ1897 መጨረሻ ገደማ ቤከሬል የደረሰበትን የዩራኒየም ጨረር ርእሷ አድርጋ ስትጀምር ደመወዝም ማዕረግም አልነበራትም። የተሰጣት ስፍራ ባሏ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ያለ እርጥበታም ክፍል ሲሆን፣ በኋላም ጣሪያው የሚያፈስ፣ ቀድሞ የሕክምና ተማሪዎች አስከሬን ይመረምሩበት የነበረ መጋዘን ሆነ። መለኪያው ፒየርና ወንድሙ የሠሩት የኳርትዝ መሣሪያ ነበር። የኦስትሪያ መንግሥት ዩራኒየሙ የወጣለትን የማዕድን ዝቃጭ አንድ ቶን በነፃ ሰጣቸው፤ ማጓጓዣውን ግን እነርሱ ከፈሉ። ቤቱ የሚተዳደረው በፒየር ደመወዝና፣ ከ1900 ጀምሮ ደግሞ እርሷ በሴቭር የሴት መምህራን ትምህርት ቤት በምታገኘው ጭምር ነበር። በ1898 የፖሎኒየምና የራዲየም መኖር ታወቀ፤ በ1902 ከዚያ ሁሉ ቶን የተጣራው ንጹሕ ራዲየም ክሎራይድ የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ነበር። ሰኔ 25 ቀን 1903 ሊፕማን፣ ሟሳንና ቡቲ በተቀመጡበት ጉባኤ ፊት ጥናቷን አቅርባ የዶክትሬት ዲግሪዋን ተቀበለች። በዚያ ዓመት መጨረሻም ከባሏና ከቤከሬል ጋር የኖቤል ሽልማትን ተካፈለች።

ወደ አገሯ ተመልሳ የማስተማር ሐሳቧ በጋብቻው ምክንያት ቀርቶ ዕድሜዋን በፈረንሳይ ጨረሰች፤ ያረፈችውም በ1934 ነው። ከማረፏ ሁለት ዓመት በፊት ግን፣ በ1932፣ በዋርሶ የራዲየም ኢንስቲቲዩት ተከፈተ። የአሜሪካ ሴቶች ባዋጡት ገንዘብ የተገዛውን አንድ ግራም ራዲየም ለዚሁ ኢንስቲቲዩት ሰጠች። ለሕንጻው ገንዘብ በማሰባሰብ ብዙ የደከመችውም በሽቹኪ ደመወዝ የተማረችው ሐኪሟ እኅቷ፣ ብሮኒያ፣ ነበረች።