ልዕልት ፀሐይ፦ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው የተማሩ ነርስ

በዚህ ዕትም የምንተርክላችሁ የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ሕይወት ነው። የመረጥናቸው ስለ ልዕልትነታቸው አይደለም፤ ነርስ ስለነበሩ ነው። በወልቂጤና በቡታጅራ በየቤቱ ሕመምተኛ የሚያስታምሙ አባሎቻችንን ስናሠለጥን የሳትነውን ነገር የእርሳቸው ሕይወት አሳይቶናል።

ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ራስ ተፈሪ መኮንን፣ እናታቸውም እቴጌ መነን አስፋው ናቸው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገራችንን ሲወር ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ያኔ የአዲስ አበባ ሴቶች በማኅበር ተሰባስበው ለዘማቹ ልብስ ይሰፉ፣ ለቁስለኛው የቁስል መጠቅለያ ያዘጋጁ ነበር። ልዕልቲቱም በዕድሜ ትንሽ ቢሆኑም በዚህ ሥራ ግንባር ቀደም ሆኑ። እኛ በማኅበር የተደራጀን ሴቶች ይህን ስናነብ የራሳችንን ታሪክ ያነበብን ያህል ይሰማናል።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ቤተሰቡ ተሰደደ፤ መኖሪያውንም እንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ አደረገ። ስደት ላይ ያለች የንጉሥ ልጅ ቤት ውስጥ ተቀምጣ የአገሯን ወሬ ብትጠብቅ የሚወቅሳት አልነበረም። ልዕልት ፀሐይ ግን ለንደን ወደሚገኘው የግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት መማር ጀመሩ።

የዚያ ዘመን ጀማሪ ነርስ ሥራ የሚጀምረው ከታች ነው። አልጋ ማንጠፍ፣ ሕመምተኛ ማጠብ፣ የሽንት ዕቃ ማጽዳት፣ ሙቀት መለካት፣ ማጉረስ፣ ሌሊት ተረኛ መሆን። ትምህርቱ በደብተር ብቻ አያልቅም፤ የሚበዛው የሚቀሰመው ከአልጋው አጠገብ ነው። የሕፃናት ነርስ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለባት። ሕፃን የሚያመውን በቃል አይናገርም። አንዱ ሲያመው ያለቅሳል፣ ሌላው ዝም ይላል፣ ሦስተኛው ወተቱን ይገፋል። ነርሷ በሽታውን ብቻ ሳይሆን ያንን አንዱን ልጅ ማወቅ አለባት።

ልዕልት ፀሐይ ሦስት ዓመት ተምረው በ1931 ዓ.ም. ክረምት የሕፃናት ነርስነት ማረጋገጫቸውን አገኙ። እኛን ቆም አድርጎ ያሳሰበን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ልዕልቲቱ ይበቃኛል አላሉም። ሕፃን ማስታመም የተማረ ሰው አዋቂን ለማስታመም ገና ይቀረዋልና ጋይስ ወደሚባለው ሌላ የለንደን ሆስፒታል ሄደው እንደገና ተማሪ ሆኑ። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተነሣበት ነበር። ማረጋገጫ በእጃቸው ይዘው እንደገና ከጀማሪዎች ጋር ተሰለፉ።

የእኛን ጥፋት የምንናገረው እዚህ ላይ ነው። ለአስታማሚ አባሎቻችን በአዳራሽ የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጠን፣ የምስክር ወረቀት አደልን፣ ፎቶግራፍ ተነሣን። ከዚያ አንዷን ወልቂጤ ወደምትኖር እህታችን ቤት ላክናት። እህታችን ስኳር አለባት፤ ስትሮክ መትቷት የቀኝ ጎኗ አይታዘዛትም፣ አንደበቷም ተይዟል። አስታማሚዋ ደግ ሴት ናት። እናቶቻችን አራስን እንደሚያበረቱት ሁሉ የቡላ ገንፎ እያገነፋች በፍቅር አጎረሰቻት። ቡላ ስኳር ላለበት ሰው በልክ መሰጠት እንዳለበት፣ ስትሮክ የመታው ሰው ቀና ብሎ ካልተቀመጠ ምግብ ወደ ሳንባው ሊገባ እንደሚችል አልነገርናትም ነበር። ስኳሯ ከፍ አለ፣ ትንታ በተደጋጋሚ አስጨነቃት፣ በማይሰማት ጎኗም የአልጋ ቁስል ወጣ። ጥፋቱ የአስታማሚዋ አልነበረም፤ የእኛ ነበር። ያሠለጠንናት ለሕመምተኛ ሁሉ እንጂ ለዚያች አንዲት ሴት አልነበረም።

ወደ ልዕልቲቱ እንመለስ። አገራችን ነፃ ስትወጣ በ1933 ዓ.ም. ተመለሱ፤ የተማሩትንም ለሕዝባቸው ማዋል ጀመሩ። ጄኔራል ዐቢይ አበበን አግብተው ባለቤታቸው ወደተሾሙበት ወደ ወለጋ ሄዱ። ነገር ግን ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ነቀምት ላይ ዐረፉ። ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ሌሎችን ለማስታመም ዓመታት የተማሩት ሴት፣ ብዙ የገጠር እናቶቻችንን በሚወስደው ምክንያት ተወሰዱ።

ሐዘኑ ግን ፍሬ አፈራ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በአገራቸው ገንዘብ አሰባስበው በልዕልቲቱ ስም አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል እንዲሠራ ደከሙ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ፤ ነርሶችም ይሠለጥኑበት ነበር። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ዶክተር ሬጅናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ለሥራ የመጡት ወደዚሁ ሆስፒታል ነበር። በምጥ ብዛት ፊስቱላ የደረሰባቸውን እናቶች ያገኙትም እዚያ ነው። በኋላም ለእነዚህ እናቶች ብቻ የሚሆን ሆስፒታል አቋቋሙ።

በፊስቱላ ሆስፒታል ከአስታማሚዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ታክመው የዳኑ ሴቶች መሆናቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አዲስ የገባችው ሕመምተኛ ስለ ሽታዋ አፍራ ስትሸማቀቅ ሐፍረቷን ለማንም ማስረዳት አያስፈልጋትም፤ አጠገቧ የቆመችው ሴት በራሷ አካል ታውቀዋለች።

እኛም ይህን ተከትለን አሠራራችንን ለውጠናል። ለዚያች እህታችን ነርስ ይዘን ቤቷ ሄድን። ሥልጠናው እዚያው አልጋዋ አጠገብ ሆነ፤ ልጇም አብራ አሠለጠነች። መቼ እንደምትገለበጥ፣ እንዴት ቀና እንደምትደረግ፣ ቡላው ስንት ማንኪያ እንደሆነ፣ ስኳሯ ሲወርድ ምን እንደሚታይባት በአንድ ደብተር ተጻፈ። በግራ እጇ አልጋውን ሁለቴ ስትመታ ውኃ ጠምቷት እንደሆነ ከልጇ በቀር የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም፤ እርሱም ተጻፈ። ቁስሉ ቀስ በቀስ እየጠገገ ነው።

ያ ደብተር ግን ቡታጅራ ላለው ታዳጊ አይሠራም። እርሱ መራመድ አይችልም፤ የሚጥል ሕመምም አለበት። ለእርሱ የተመደበችው አባላችን ሌላ ቤት ሁለት ዓመት ያስታመመች ናት፤ ቢሆንም ከእናቱ ሥር ተቀምጣ ከመጀመሪያው ጀምራለች። መጀመሪያ ላይ ቅር ብሏት ነበር። የልዕልት ፀሐይን ታሪክ በስብሰባችን ላይ ካነበብን በኋላ ግን ቅሬታዋ ቀርቷል።

ደጋፊዎቻችንን የምንጠይቀውም ይህንኑ ነው። ለአዳራሽ ኪራይና ለሻይ ቡና የምትሰጡንን ገንዘብ፣ ነርሷ ከአልጋው አጠገብ ለምትውልበት ቀን እንድናውለው ፍቀዱልን። አንድ አስታማሚ ለአንድ ሰው ማዘጋጀት ጊዜ ይወስዳል፤ በፎቶግራፍም ብዙ ሰው አይታይበትም። አባሎቻችንም በየቤታችሁ ለታመመ ሰው አንድ ደብተር ክፈቱ፤ እናንተ ብቻ የምታውቁትን ነገር ጻፉበት። ከእናንተ በኋላ የምትመጣው አስታማሚ ትፈልገዋለች።